ሱሉክ ሞኝ ነበር ወይስ ሞኝ መሳይ?

ማታ አንባቢ፦

ሰላም ለቤቱ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ አሁን ደግሞ ሳቄ ከነከነኝ።

ሰሞኑን በ1850 ገደማ ፓሪስ ውስጥ የታተሙ የፌዝ ሥዕሎች ሳገላብጥ ነበር። ሻሪቫሪ የሚባል ጋዜጣ ላይ የወጡ ናቸው። እነ ዶሚዬ፣ እነ ሻም የሣሏቸው። ብዙዎቹ አንድ ሰው ላይ ይረባረባሉ፤ ዘውድ የደፋ ጥቁር ጄኔራል። ስሙ ፎስታን ሱሉክ። የሄይቲ ፕሬዚዳንት ነበር፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነ።

ስለሱ ያገኘሁት ሁሉ ቀልድ ነው። መጀመሪያ የደፋው ዘውድ የካርቶን ነበር ይላሉ። የሊሞናድ መስፍን፣ የማርማላታ መስፍን እያለ ሾመ ይላሉ። ፊደል አይቆጥርም፣ መተት ይፈራል ይላሉ።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ይሁን። ታዲያ ለምን መረጡት? ከዚያስ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ይገዛል? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ቀልደኛው፦

የሊሞናድ መስፍን! እኔንም የብርቱካን ጭማቂ ፊታውራሪ አድርጉኝ።

በነገራችን ላይ ሄይቲን ከፈረንሳይ ነፃ ያወጣው እሱ አይደል እንዴ?

ሰፊው፦

አይደለም ወንድሜ። ነፃነቷን ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ያወጀው ደሳሊን ነው። (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) እሱም ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ነበር፣ በ1806 ገደሉት። ሱሉክ ያኔ ገና ወጣት ወታደር ነው።

ማታ አንባቢ፣ ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ይላል። ረዘም ካለ ታገሺኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙሉ ልብስ፣ ካፖርት፣ አልፎ አልፎ ካባ እሰፋለሁ። ማታ ማታ ታሪክ አነባለሁ። ሱሉክ ጋ ያደረሰችኝ አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ናት፤ ዱብሉር። ገበር ማለት ነው። ይኸው ኮት ውስጥ የምንሰፋው ገበር። ስለ ሄይቲ ሳነብ «የገበር ፖለቲካ» የሚል ነገር መጣ። መቀሴን ቁጭ አድርጌ እንደገና አነበብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄይቲ ነፃ ስትወጣ ላይ ላይ ያሉት ሰዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኞቹ ባብዛኛው ክልሶች ናቸው። ብዙዎቹ ከአብዮቱ በፊትም ነፃ የነበሩ፣ ፈረንሳይኛ የተማሩ፣ መሬትና ንግድ የያዙ። ሁለተኞቹ ከባርነት በጦር ሜዳ የወጡ ጥቁር ጄኔራሎች ናቸው። ከሥራቸው ያለው ሕዝብ ጥቁር ገበሬ ነው።

ከ1818 እስከ 1843 የገዛው ቧዬ ክልስ ነበር። በዚያ ላይ በ1825 ያደረገው አለ። የፈረንሳይ ንጉሥ የጦር መርከብ ላከበትና ነፃነታችሁን የማውቅላችሁ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ስትከፍሉ ነው አለው። ካሳ መሆኑ ነው። ለማን? ለድሮዎቹ ባሪያ አሳዳሪዎች! ቧዬ ተቀበለ። በ1838 የቀረው ዕዳ ወደ 60 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም ገበሬው በቡናው ሲከፍል ኖረ። እና በ1843 ቧዬ ሲባረር ሕዝቡ ክልስ ፕሬዚዳንት ማየት አንገሽግሾታል።

ብልጦቹ ይሄን ያውቃሉ። ስለዚህ ዘዴ ዘየዱ። ከላይ ጥቁር ጄኔራል ይሁን። ያረጀ፣ ብዙ የማይጠይቅ። ከውስጥ እኛ እንሁን። ሰው የሚያየው ጨርቁን ነው፣ ቅርጹን የሚይዘው ግን ከውስጥ ያለው ነው። ጌሪዬ የሚባለው ጄኔራል በ1844 ሲሾም ሰማንያውን ካለፈ ቆይቷል። ከሱ ቀጥሎ ፒዬሮ፣ ከፒዬሮ ቀጥሎ ሪሼ። ሁሉም ሽማግሌ፣ ሁሉም ወታደር።

ሪሼ በፌብሩዋሪ 1847 ሞተ። ሴኔቱ ተተኪ ሊመርጥ ተቀመጠ። ሁለት ጄኔራሎች ተፎካከሩ፤ ሱፍራንና ፖል። ድምፅ ተሰጠ፣ እኩል ሆነ። ተደገመ፣ ያው እኩል። መሰላቸት ሲመጣ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ቦብራን አርዱዋን ማንም ያላሰበውን ስም አነሳ። የቤተ መንግሥቱን ዘብ የሚያዘውን ጄኔራል ሱሉክን። እሱ ዕጩ እንኳ አልነበረም። ማርች 1 ቀን 1847 ተመረጠ።

ሰውዬው ማነው? በ1782 ፕቲ ጎዋቭ ውስጥ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ነው። በ1793 ባርነት ሲሻር ነፃ ወጣ። በልጅነቱ ጦር ውስጥ ገብቶ ከዚያ አልወጣም። አርባ ዓመት በላይ፣ ደረጃ በደረጃ። አፉን የፈታው በክሪዮል ነው፤ ፊደል ላይ ደካማ ነበር። ዝምተኛ ነው። አለቃ ሲያዝዘው እሺ ይላል። እነ አርዱዋን ይሄን እሺታ አይተው ባዶ ሰው መሰላቸው። እኔ ግን አርባ ዓመት ሙሉ አለቆቹ ሲወጡና ሲወድቁ በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ባዶ ነው ብዬ አላምንም። ደንበኛ ሲለካ ዝም የሚል ሰፊ አይተሽ ታውቂያለሽ? እያጠናሽ ነው።

ስለ መተቱም ልንገርሽ። ፈረንሳዮች እንደጻፉት፣ ለሹመቱ ምስጋና ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ አልቀመጥም አለ። የተረገመ ወንበር ነው ብሎ። ሳቁበት። እስቲ ቁጠሪው። ቧዬ በ1843 ተባረረ። ኤራር በ1844 ተባረረ። ጌሪዬ በ1845 ሥልጣን ላይ እንዳለ ሞተ። ፒዬሮ በ1846 ተገለበጠ። ሪሼ በ1847 ሞተ። በአራት ዓመት አምስት ሰው የበላ ወንበር! ቀጥ ብዬ ነው የምነግርሽ፣ እኔም አልቀመጥበትም።

ጥቂት ወራት እሺ ሲል ከረመ። ከዚያ ሹሞቹን ለወጠ፣ ጦሩ ውስጥ የራሱን ሰዎች አስገባ፣ ዛንግላን የሚባሉ የራሱን ታጣቂዎች አቆመ። በ1848 የመረጡትን ሰዎች መታ። ገበሩን ቦጭቆ ጣለው።

አሁን ወደ ዘውዱ። የካርቶኑ ነገር እውነት ነው። ኦገስት 26 ቀን 1849 ንጉሠ ነገሥት ሲባል የወርቅ ዘውድ አልደረሰም ነበር። ከካርቶን ተሠርቶ ወርቅ ተቀባ። እኔን ይሄ አያስቀኝም። ደንበኛ ሲቸኩል መጀመሪያ በአቡጀዲ ቆርጠሽ ትለኪለታለሽ፣ ዋናው ጨርቅ በኋላ ይመጣል።

ዋናው በዓል የተደረገው ኤፕሪል 18 ቀን 1852 ነው። ፖርት ኦ ፕሬንስ፣ ሻን ደ ማርስ ሜዳ ላይ። የቀዳማዊ ናፖሊዮንን የ1804 ሥነ ሥርዓት እንዳለ ነው የቀዱት። ዘውዱን ራሱ ደፋ፣ ከዚያ ለሚስቱ ለአዴሊና ደፋላት። ጳጳስ አልነበረም፤ ሮም ከሄይቲ ጋር የተስማማችው እሱ ከወረደ በኋላ በ1860 ነው።

በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ የበዓሉ የሥዕል አልበም ታተመ። እዚያ ላይ ያለውን የሱሉክን ምስል አጉልቼ አየሁት። እንደ ሥራዬ ነው ያየሁት። ከትከሻ መሬት ድረስ የሚወርድ ካባ ነው፤ ላይኛው በነጭ ጸጉር የተሸፈነ። ገበሩንና ጥልፉን ስትጨምሪበት እንዲህ ያለ ካባ ሕፃን ልጅ አዝሎ እንደመቆም ነው። ሰውዬው ሰባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። አገሩ ሄይቲ ነው፣ ሙቀቱን አስቢው። ትከሻው ግን አልወረደም። ካባ ለብሶ የማያውቅ ሰው ካባ ሲለብስ ወደ ኋላ ይስበዋል፣ አገጩን ያነሳል። እሱ እንደዚያ አይደለም። እንደ ዘብ ነው የቆመው።

መስፍኖቹስ? ሊሞናድና ማርማላድ ሰሜን ሄይቲ ውስጥ ያሉ ቦታዎች ናቸው። ስማቸው ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን የቆየ ነው። የሊሞናድ መስፍን የሚባል ደግሞ ከሱሉክ በፊትም፣ በሰሜኑ ንጉሥ በክሪስቶፍ ዘመን ነበረ። ፈረንሳዮቹ እኮ የሚስቁት ራሳቸው ባወጡት ስም ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሥዕሎቹ ሁሉ በሱሉክ ላይ አልነበሩም። ፓሪስም ያኔ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጦ ዘውድ ያማረው ሰው ነበር፤ ሉዊ ናፖሊዮን። በዲሴምበር 1851 ምክር ቤቱን በጦር በተነ፣ በዲሴምበር 1852 ንጉሠ ነገሥት ሆነ። በስሙ መስደብ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ ጠላቶቹ ሱሉክ እያሉ ይጠሩት ነበር። የሄይቲው በሦስት ዓመት ቀድሞታል፣ ልብ በይ።

ቀልደኛው፦

ጋሼ፣ ፊታውራሪነቴን መልሻለሁ። ግን ለዚህ ሁሉ ጥልፍ ገንዘቡ ከየት መጣ?

ሰፊው፦

ከቡና። የአገሪቱ ዋና ገቢ እሱ ነበር፣ መንግሥቱም ንግዱ ላይ እጁን አስገባ። የጎደለውን ደግሞ ወረቀት ጉርድ እያተመ ሞላ። ጉርድ የገንዘባቸው ስም ነው። ሲታተም ሲታተም ዋጋ አጣ። እዚህ ላይ ምንም ጥበብ የለውም።

ካርታ አንባቢ፦

ጋሽ ሰፊው፣ አጻጻፍዎ ይጥማል። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና 1848ን በአንድ መስመር ዘለሏት። «የመረጡትን ሰዎች መታ» ነው ያሉት። ምን ማለት ነው መታ?

እኔ ልጻፈው። ኤፕሪል 16 ቀን 1848 ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያ ለቀናት ፖርት ኦ ፕሬንስ ላይ ክልስ የሆነ ሰው እየታደነ ተገደለ። ነጋዴውም፣ የሱቅ ሠራተኛውም። ሴኔት ገብተው የማያውቁ፣ ማንንም ያልመረጡ ሰዎች። ከተረፉት ብዙዎቹ የተረፉት የውጭ አገር ቆንስላዎች ግቢ ገብተው ወይም መርከብ ላይ ወጥተው ነው። ግድያው ወደ ደቡብም ወርዷል።

ሚኒስትር የነበረው ሴሊኚ አርዱዋን ታሰረ። በኦገስት 1849 ተረሸነ፤ ዘውዱ በተደፋበት ወር። ስሙን አያችሁት? የቦብራን ወንድም ነው። ሱሉክን ለሴኔቱ ያቀረበው ሰው ወንድም።

ጎረቤትም አለ። ዶሚኒካኖች ከሄይቲ የተለዩት በ1844 ነው። ሱሉክ በ1849 ጦር ይዞ ገባባቸው። በኤፕሪል ላስ ካሬራስ ላይ ሳንታና የሚባለው ጄኔራላቸው መታው፣ መንደር እያቃጠለ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥት የሆነው ከዚያ ሽንፈት በአራት ወሩ ነው። በ1855 መጨረሻ ደግሞ ገባ። ዲሴምበር 22 ሳንቶሜ ላይ፣ በጃንዋሪ 1856 ሳባና ላርጋ ላይ ተሸነፈ። እኔ በካርቶን ዘውዱ አልስቅም። ስለ ካባው ስፌትም ማድነቅ አልፈልግም።

ማታ አንባቢ፦

ኧረ ይሄን አላወቅሁም። የሴሊኚን ነገር ሳነብ ቀዘቀዝኩ። ቦብራን ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

ካርታ አንባቢ፦

ታሪክ ጸሐፊ ሆነ። የሄይቲን ታሪክ 11 ቅጽ አድርጎ ጻፈ።

ሰፊው፦

ካርታ አንባቢ፣ ልክ ነህ። ምንም የምለው የለኝም። እጄ ወደ ጨርቁ ሄዶ ደሙን አለፍኩት። ሰው በሚያውቀው በኩል ነው የሚያየው።

ዶሚኒካኖቹ ላይ ግን ትንሽ ልከራከርህ። ፍርሃቱ ቅዠት አልነበረም። ከድንበሩ ማዶ ደካማ አገር ካለ አንዱ ኃያል ይገባበታል፣ እሱ ከገባ ባርነት ይከተላል የሚል ነው። ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ይሄን ቢፈራ አይፈረድበትም። በ1861 ደግሞ ያው ሳንታና አገሩን መልሶ ለስፔን አስረከበ። ስፔን ያኔ ኩባና ፖርቶ ሪኮ ላይ ባሪያ ታሠራለች። ሱሉክ ከወረደ ሁለት ዓመት ሆኖታል እንጂ የፈራው መጥቶ ነበር።

ናቫሳም አለ። ከሄይቲ በስተ ምዕራብ ያለች ሰው የማይኖርባት ድንጋያማ ደሴት ናት። ለማዳበሪያ የሚሆን የወፍ ኩስ ሞልቶባታል። በ1857 አንድ አሜሪካዊ የእኔ ናት አለ፤ አገሩ በ1856 ያወጣችው ሕግ ይፈቅድለታል። ሱሉክ የጦር መርከብ ልኮ የእኛ ናት አለ። አሜሪካ አልሰማችውም። ሄይቲ እስከ ዛሬ ይገባኛል እንዳለች ነው።

ካርታ አንባቢ፦

ጋሼ፣ ዶሚኒካኖቹ ወደ ስፔን የሮጡት ከማን ሸሽተው ይመስልዎታል?

ሰፊው፦

ከሱሉክ። ገባኝ፣ ገባኝ። እዚህ ላይ አሸንፈኸኛል።

ማታ አንባቢ፦

እናንተ ስትጨቃጨቁ እኔ ተማርኩ። ጋሼ፣ መጨረሻውን ሳይነግሩኝ እንዳይሄዱ። ማን አወረደው?

ሰፊው፦

ራሱ የሾመው ሰው። ፋብር ጄፍራር ይባላል፣ ጄኔራል ነው። ሱሉክ የታባራ መስፍን ብሎታል። አባቱ በነፃነቱ ጦርነት የታወቀ ጄኔራል ነበር። በ1856 ጦሩ ከዶሚኒካን ሲሸሽ ኋላ ቀርቶ ብዙ ሰው ያተረፈ እሱ ነው። ወታደሩ እንደዚህ ያለውን አይረሳም። ሱሉክም አልረሳም፣ ግን በሌላ መንገድ። መጠርጠር ጀመረ።

በዲሴምበር 1858 ጄፍራር ሊያዝ እንደሆነ ሲገባው ከፖርት ኦ ፕሬንስ በትንሽ ጀልባ ሾልኮ ወጣ። ጎናይቭ ደረሰ። 1804 ላይ ነፃነት የታወጀባት ከተማ ናት። እዚያ ሪፐብሊክ አወጀ። ዙሪያው ሁሉ ወደሱ ዞረ። የሱሉክ ወታደሮችም ብዙ አልተዋጉለትም። ጃንዋሪ 15 ቀን 1859 ሥልጣኑን ለቀቀ። የእንግሊዝ መርከብ አሳፍሮ ወደ ጃማይካ ወሰደው። በ1867 ሞተ።

ጄፍራርስ? ስምንት ዓመት ገዝቶ እሱም በ1867 ተባረረ። የት ሄደ ብትይኝ፣ ጃማይካ።

ማታ አንባቢ፦

ሁለቱም ጃማይካ! ዘውዱስ? ሸጡት?

ሰፊው፦

አልሸጡትም። ዕንቁ የተሰካበት ትልቅ ዘውድ ነው። ፖርት ኦ ፕሬንስ ያለው የብሔራዊ ፓንቴዎን ሙዚየም ለጎብኚ ሲያሳየው ኖሯል። እዚያው ቤት ከኮሎምበስ መርከብ ከሳንታ ማሪያ ነው የሚባል መልሕቅም አለ። እኔ በፎቶ ነው ያየሁት። ጠርዙን ሳየው ለጭንቅላት ይከብዳል አልኩ። ካባውን ጨምሪበት።

ማታ አንባቢ፦

የካርቶኑስ?

ሰፊው፦

አቡጀዲውን ማን ያስቀምጣል፣ ልጄ።